ከአሸተን ማርያም በታች፦ የላሊበላ የዕለት ኑሮ በሰዎች ትዝታ

ላሊበላን ሊያይ የመጣ ጸሐፊ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ተመልክቶ ሲጽፍ፣ አገሩ ያለው አንባቢ እንዳያምነው ሠግቶ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ፣ ከእርሱም በኋላ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ መጡ። በ1960ዎቹ ደግሞ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ግድግዳውን ለካ፣ ጠረገ፣ ጠገነ። የቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመት ከ33 ሜትር እንደሚያልፍ ዛሬ ማንኛውም የጉዞ መጽሐፍ ይናገራል።

ከቤተ ማርያም ማዶ ትኖር የነበረች እናት ውኃ የምትቀዳው ከየትኛው ምንጭ ነበር? ዳገቱ ላይ እንስራዋን የምታሳርፈው የት ነው? ማታ ልጆቿን በምን ብርሃን እራት ታበላ ነበር? ይህን የጠየቀ ጸሐፊ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። ላሊበላ ስምንት መቶ ዓመት ያህል የኖረ መቅደስ ብቻ ሳትሆን ሰው ተጋብቶ፣ ወልዶ፣ ተበድሮ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ የኖረባት ከተማ ናት። የዚያ ኑሮ መዝገብ ያለው በብራና ላይ አይደለም፤ በእድሜ የገፉ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው።

ከተማዋን ከላይ ሆኖ ማየት የፈለገ ወደ አሸተን ማርያም ይወጣል። ገዳሟን ንጉሥ ላሊበላ ጀምሯት ከእርሱ በኋላ የነገሠው ነአኵቶ ለአብ እንደ ፈጸማት በአገሩ ይነገራል። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከከተማው እስከዚያ ለለመደ እግር የሁለት ሰዓት ያህል ዳገት ነው፤ ላልለመደው ግን በቅሎ አለለት። ለጎብኚ ይህ መንገድ የግማሽ ቀን ጉብኝት ነው። በአሸተን ዙሪያና ከዚያ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ለሚኖረው ገበሬ ግን የገበያ መንገድ ነው፤ ገብሱን፣ በጉን፣ የባሕር ዛፍ እንጨቱን ይዞ ይወርድበታል፤ ጨው፣ በርበሬና ጋዝ ይዞ ይወጣበታል። ቄሱ ለቅዳሴ፣ ሐዘንተኛው ለለቅሶ፣ ሙሽራው ለሠርግ የሚሄዱበትም ይኸው ቀጭን መንገድ ነው። በዚህ ዳገት በርበሬ ተሸክመው የወጡ ሴቶች የሚያስታውሱት ከቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ የተለየ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሁለቱም ግን የአንድ ተራራ ታሪክ ነው።

የተራ ሰውን ትዝታ መሰብሰብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ጨዋታ በድምፅ መቅጃ እየቀዳ «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳትሞታል። አንባቢው እዚያ የሚያገኘው የንጉሥ ዜና መዋዕል አይደለም፤ ተማሪው ከደብር ደብር ሲዞር፣ ሲራብ፣ ከመምህሩ ጋር ሲውል፣ ሰዎች ሲቀልዱና ሲሰዳደቡ ነው። ከዚያ በኋላ ሚኒስትሮችና መኳንንት ብዙ ማስታወሻ ጽፈዋል፤ ጠላ ጠማቂዋ፣ ሸማኔው፣ በቅሎ ነጂው ግን አልጻፉም፤ የሚጽፍላቸውም አላገኙም።

ሌላው ዓለምም ወደዚህ ሥራ የገባው ዘግይቶ ነው። በስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1951 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤትን አቋቁሞ፣ ሠራተኞቹ መቅጃ ተሸክመው በየመንደሩ ከገበሬው፣ ከዓሣ አጥማጁና ከዘላኑ ሰው ዘፈን፣ ተረትና የኑሮ ወግ ሲቀዱ ኖረዋል። በግላስጎ ከተማ ደግሞ አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ከ1911 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. የኖረችበት ባለ አራት ክፍል የኪራይ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሴትየዋ ደረሰኝ፣ ማሰሮ፣ የምግብ ማስቀመጫ ብልቃጥ ሳይቀር የሚጣል ነገር አትጥልም ነበር። ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባው ንግሥት የኖረችበትን ሊያይ ሳይሆን አያቱ ምን ዓይነት አልጋ ላይ ትተኛ እንደነበር ሊያይ ነው።

በላሊበላም ከቤቱ መጀመር ይቻላል።

የድሮዋ ላሊበላ ቤት ክብ ነው፤ ግንቡ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ ይገነባል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ብዙው ቤት ባለ ደርብ ነበር። ምድር ቤቱ የከብትና የበግ ማደሪያ ነው፤ ቤተሰቡ በውጭ በኩል በተሠራ የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ ደርቡ ላይ ያድራል። ይህ አሠራር ከጌጥነቱ ይልቅ ጥቅሙ ይበልጣል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ከሥር የሚያድሩት ከብቶች ትንፋሽ ደርቡን ያሞቀዋል፤ ከብቱም ከሌባና ከጅብ ይጠበቃል። ደርቡ ላይ መደብ፣ አጎዛ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ በአንድ ጥግ እህል የያዘ ጎታ፣ መሐል ላይ ምድጃ ይኖራል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ቢሆንም የሣር ክዳኑን ከምስጥ የሚጠብቀው እርሱው ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የግንቡን ቅርፅ አይደለም። ማን የት ይተኛ እንደነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ከመደቡ ይነሣ እንደነበር፣ በክረምት ሣሩ ሲያፈስ እናት የትኛውን ዕቃ ከየትኛው ቀዳዳ ሥር ትደቅን እንደነበር ነው የሚያወራው። አርክቴክቱ በሜትር የማይለካውን የቤት ሥርዓት የሚናገረው እንዲህ ያለው ወግ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ጋር አብራ ገባች። ቅርስ ሲከበር ግን በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ጥያቄ ይሆናል። ፍሳሹ፣ ጭሱ፣ የቤቱ ክብደት፣ የሰዉ ብዛት ለውቅሮቹ ያሰጋል ተባለና ነዋሪው ኩራኩር ወደተባለው አዲስ ሰፈር እንዲዛወር ተደረገ። አንዳንዱ የድንጋይ ቤት ለቅርስነቱ ሲቀር ሌላው ፈረሰ። ጥበቃው ተገቢ ነው የሚል አለ፤ ከሰንበቴው፣ ከጎረቤቱና ከአባቶቹ መቃብር አጠገብ መራቁ የከበደው አለ። በሁለቱም በኩል ያለው ስሜት ተቀድቶ መቀመጥ ነበረበት።

ሰፈር ሲለቀቅ ምን እንደሚጠፋ የተለቀቁ ቦታዎች ያሳያሉ። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ውቅያኖስ ውስጥ ካለችው ከሴንት ኪልዳ ደሴት የመጨረሻዎቹ 36 ነዋሪዎች በራሳቸው ጥያቄ ነሐሴ 29 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. በመርከብ ወጡ። የድንጋይ ቤቶቻቸው ዛሬም ቆመዋል፤ የዓለም ቅርስም ሆነዋል። በየቤቱ ማን ይኖር እንደነበር፣ ወፍ ሊያድን ማን በየትኛው ገደል ይወርድ እንደነበር የሚታወቀው ግን ግንቡ ስለ ተረፈ አይደለም፤ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ የጻፈ ስለ ነበረ ነው።

ወደ ላሊበላና ወደ አካባቢዋ ወደ ላስታ እንመለስና፣ ከቤቱ ቀጥሎ የሚመጣው የሴቶች ሥራ ነው። ቀኑ የሚጀምረው ዶሮ ሲጮህ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ነው። እህሉ በመጅ ይፈጫል፤ ለአንድ ቀን እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ለማውጣት ሌሊቱ ይጋመሳል። ሞተር ወፍጮ ሲመጣ ለሴቶች ከመንገድም ከመብራትም በፊት የመጣ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ በየገጠሩ ያሉ እናቶች የእድሜያቸውን ዘመን «ከወፍጮ በፊት» እና «ከወፍጮ በኋላ» ብለው ቢከፍሉት አይደንቅም። ከዚያ ውኃ አለ። እንስራ በጀርባ ታዝሎ ከምንጭ ይቀዳል፤ በበጋ ምንጩ ሲቀጥን ወረፋ ይሆናል፤ ወረፋው ደግሞ የወሬ፣ የምክርና አንዳንዴም የጠብ ቦታ ነው። ቀጥሎ ማገዶ። ደኑ በተመናመነበት ደጋ ኩበት ለምድጃ ይውላል፤ ለእርሻው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው እበት ይነድዳል። ባሕር ዛፍ ተስፋፍቶ እንጨት እስኪገኝ ድረስ ይህ የብዙ ደገኛ ቤት ጣጣ ነበር።

ማታ ማታ ብርሃኑ የምድጃው እሳት ነው። ትንሽ ሻል ያለው ቤት ኩራዝ፣ ከዚያም ፋኖስ አበራ። ጧፉ ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓል ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከላይ ደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና የበግ ጠጉር ያወርዳል፤ ከታች ቆላው ጤፍና ማሽላ ያመጣል። የላስታ ነጭ ማር በሸክላ ዕቃ ተሞልቶ ይቀርባል። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በሰቆጣና በኮረም በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው ለብዙ ዘመን ሸቀጥም ገንዘብም ነበር፤ ገንዘብነቱ ከቀረ በኋላ እንኳ ከገበያው አልጠፋም። ሚዛን ሳይለመድ መስፈሪያው ቁና፣ ጣሳና እፍኝ ነው። የሻጭዋ እፍኝ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ የሚለው ጉዳይ የገበያው ዋና ክርክር ነበር፤ ምርቃት ያልጨመረች ነጋዴ ደግሞ ደንበኛ ታጣለች። ስለ ገበያ ሲጠየቁ ወንዶች የበግና የበሬ ዋጋ ሲያስታውሱ፣ ሴቶች ደግሞ የበርበሬውንና የጨውን፣ ከሁሉ በላይ ገበያ ውለው ሲመለሱ ለልጆቻቸው ያመጡትን ያስታውሳሉ። ስለዚህ ወንዶቹን ብቻ ጠይቆ መመለስ ግማሹን ገበያ ትቶ መምጣት ነው።

ልጅነትም የራሱ ከተማ አለው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ወደ ንባቡ፣ ወደ ዜማው፣ ወደ ቅኔው ይመለሳል። ከሩቅ አገር መጥቶ በላሊበላ የተማረው ልጅ፣ ቁራሽ የሰጠችውን ሴት ስም ባያውቅም ደጇን አይረሳም። የከተማው ልጅ ደግሞ በጎች ጠብቋል፤ ታኅሣሥ ሲገባ የገና ጨዋታ ተጫውቷል፤ ዱላ ለመቁረጥ ዛፍ ሲመርጥ ከወይራው ባለቤት ሸሽቷል።

ለልጃገረዶች ዓመቱ የሚሞቀው በነሐሴ ነው። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ አሸንድዬ ይገባል። በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው በዓል በላስታ ስሙ ይህ ነው። ልጃገረዶች ለምለሙን የአሸንድዬ ቅጠል በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። በሌላው ጊዜ ከምንጭና ከማጀት የማትወጣ ልጅ በእነዚያ ቀናት መንገዱ የእሷ ነው፤ የሚያስከፋትን ሰው በግጥም ብትነካው እንኳ አይቆጣትም። ስለ ላሊበላ ጎብኚዎች የጻፉት መጽሐፍ ይህን በዓል እምብዛም አያውቀውም፤ የውጭ ሰው የሚመጣው በጥር ነውና፣ ነሐሴ ዝናብ ነው።

ገና ሲመጣ ከተማው በሙሉ እንግዳ ተቀባይ ይሆናል። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ምእመናን ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ይደርሳሉ። ነዋሪው የመንገደኛውን እግር ያጥባል፤ ያለውን ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ያቀርባል። በበዓሉ ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ገሚሱ ከላይ ከድንጋዩ አፋፍ፣ ገሚሱ ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲያዜሙ ፎቶግራፉ ዓለምን ይዞራል። ማታ በአንድ ደርብ ስንት እንግዳ እንዳደረ፣ ዱቄቱ ከየት እንደተበደረ፣ ለእንግዳ ባና የሰጠ ሰው ምን ለብሶ እንዳደረ ግን ፎቶግራፉ አይናገርም። የበዓሉን ሸክም የተሸከመው ግን ይህ ነዋሪ ነው።

መንገዱም ታሪክ አለው። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ በ1966 እና 1967 እ.ኤ.አ. ከምፅዋ እስከ አዲስ አበባ ስትጓዝ ላሊበላ የደረሰችው በቅሎ እየነዳች ነው፤ ይህ ለእሷ ጀብዱ፣ ለላስታ ሰው ደግሞ የተለመደ የጉዞ ዘዴ ነበር። በዚያው ዘመን ዲሲ-3 አውሮፕላን በደረቅ ወቅት ሜዳ ላይ እያረፈ ጎብኚ ያመጣ ነበር፤ ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጣል። ሰባት ወይራ ሆቴል ተከፈተ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሹምሽሃ በኩል አስፋልት የፈሰሰበት አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ከተማው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ አየ። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ከጎብኚ ጋር እየተራመደ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጣሊያንኛ የለቀመ ነው፤ አንዳንዱ አስጎብኚ፣ አንዳንዱ ባለ ሆቴል ሆኗል። በቅሎ ነጂው አባትና ባለ ፈቃድ አስጎብኚው ልጅ ስለዚያው ስለ አሸተን ዳገት ሲናገሩ መስማት የግማሽ ምዕት ዓመት ለውጥ በአንድ ቤት ውስጥ መስማት ነው።

ትዝታ ለመሰብሰብ የተነሣ ሰው የሚቸገርበት አንዱ ነገር ዓመተ ምሕረት ነው። ሽማግሌው «በ19 እንዲህ» ብሎ አይጀምርም፤ ዘመኑን በደረሰው ነገር ይቆጥራል። ያኔ መለወጫውን ማወቅ ይጠቅማል። «ንጉሡ ከማይጨው ሲመለሱ እዚህ የጸለዩ ጊዜ» ካለ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው ነበርና። «መሬት ለአራሹ» ካለ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ነው፤ ያ አዋጅ የደብሩንም ርስትና ጉልት ስለነካ ለካህኑና ለገበሬው የተለያየ ትዝታ ጥሏል። «መሠረተ ትምህርት» ከ1971 በኋላ ነው፤ ብዙ እናቶች በማታ ስማቸውን መጻፍ የተማሩበት ነው። «አፍሮ አይገባ የተሰረቀ ጊዜ» 1989 ዓ.ም. ነው፤ ይህ የላሊበላ መስቀል ከውጭ አገር ተገኝቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ተመልሷል። «የሰሜኑ ጦርነት» ደግሞ 2013 መጨረሻና 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው በተዋጊዎች እጅ ሲለዋወጥ፣ መብራት ለወራት ጠፍቶ ሲቆይ፣ እንግዳ ፈጽሞ ሲቀር ያሳለፈው ጊዜ ነው።

ከሁሉ የከበደው «ክፉ ቀን» ነው። በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ወሎ ተጎዳ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከላስታ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ኮረም በጥቅምት በቴሌቪዥን ለዓለም ታየች። በዚያው ዓመት መንግሥት ሰዎችን ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋና መተከል ማስፈር ጀመረ፤ ከወሎ የሄዱት ከሌላው ክፍለ ሀገር ሁሉ ይበልጣሉ። ላስታ ውስጥ በሰፈራው ወንድም ወይም እህት ያልተለየበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ቀስ ማለት አለበት። ሰው ስለ ክፉ ቀን መናገር ካልፈለገ አይገደድም፤ መናገር ከጀመረም አይቋረጥም። ስንት ሰው እንደሞተ ከመጠየቅ ይልቅ ምን ይበላ እንደነበር፣ መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ ምን እንደነበር፣ ማን ለማን እንዳካፈለ መጠየቅ የበለጠ ያስረዳል።

ትዝታ ያጭበረብራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ የድሮው እንጀራ ሁልጊዜ ይጣፍጣል፤ የድሮው ጎረቤት ሁልጊዜ ደግ ነው። ስለዚህ ጠያቂው «ያኔ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብሎ አይጀምርም፤ መልሱ «ደህና ነበር» ሆኖ ይቀራልና። «ለአንድ ቀን ጅጌ ስንት እንጀራ ይጋገር ነበር?»፣ «ልጅ ሲታመም መጀመሪያ ወዴት ይወሰድ ነበር፣ ጸበል ወይስ ሐኪም?»፣ «ከቤታችሁ እስከ ምንጩ ስንት ደጅ ይታለፋል? የእነማን?» ብሎ ይጠይቃል። የአንዱን መልስ ከሌላው ጋር ያስተያያል። ካህኑን፣ ጠላ ጠማቂዋን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ለየብቻ ይጠይቃል፤ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ በየአካባቢው በንቀት ይታዩ ስለነበር፣ ያ «ደግ ጎረቤት» ለእነርሱ ምን እንደነበር ከእነርሱ አፍ ሊሰማ ይገባል።

ለዚህ ሥራ የውጭ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለአንድ የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳቸው አንድ አያት ቢመርጡ፣ ፈቃድ ጠይቀው በስልካቸው ለአንድ ሰዓት ቢቀዱ፣ የተናጋሪውን ዕድሜ፣ ሰፈርና ሥራ በቅጂው መጀመሪያ ላይ ቢያስመዘግቡ በአንድ ዓመት ውስጥ በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት የሌለ ነገር ይሰበሰባል። ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንዱ ከቤተሰቡ፣ አንዱ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። ተናጋሪው እንዳይሰማበት የሚፈልገው ክፍል ካለ በፖስታ ታሽጎ ለመቼ እንደሚከፈት ይጻፍበት። ጥያቄው ወደ ኩራኩር በተዛወሩት ሰዎች ቢጀመር ይሻላል፤ የድሮውን ሰፈር ካርታ ከነየቤቱ ባለቤት በቃሉ የሚያውቀው ትውልድ በእድሜ የገፋው ነውና።